ለአርባው የሚሰቀል ፊት አጣሁለት፤ ያነሳናቸው ሰዎች ፎቷቸው ይደርሳቸዋል ወይ?

የጣናው · ማክሰኞ ማታ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። እዚህ የማወራው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሌንስ ዋጋና ቀሪ ሒሳብ ስለማይከፍል የሰርግ ደንበኛ ነው። ዛሬ ግን ሌላ ነገር ይዤ መጥቻለሁ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ሱቄ መጣ። ሱቅ ስል ጉርድ ፎቶና ፎቶ ኮፒ የምሠራባትን ጠባብ ክፍል ማለቴ ነው። ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሷል። «ታንኳ ላይ ያለውን ሰውዬ ያነሳኸው አንተ ነህ?» አለኝ። ባሕር ዳር ተቀምጦ ታንኳ ያላነሳ ፎቶ አንሺ ስለሌለ የትኛውን እንደሆነ ጠየቅኩት። ስልኩን አውጥቶ አሳየኝ። የኔው ናት፤ የሆነ ገጽ ላይ ስሜ ተቆርጦ ተለጥፋለች (እሱ የራሱ ክር ይፈልጋል)።

ፎቶዋን አብዛኞቻችሁ ታውቋታላችሁ። ፀሐይ ወደ ዘጌ በኩል ልትገባ ስትል፣ ውሃው ያው ወርቅ ሆኖ፣ አንድ ሽማግሌ በደንገል (ከሐይቁ ዳር በሚበቅል ቄጠማ መሳይ ተክል) ታንኳው እየቀዘፈ ወደ ቤቱ ሲመለስ። ከዘጌ እንጨት ጭነው ይመጣሉ፣ ሸጠው ይመለሳሉ። እኔ የምጠብቀው መመለሻቸውን ነው፤ ብርሃኑ የሚያምረው የዚያን ጊዜ ነዋ። ለፖስት ካርድ ሸጫታለሁ፣ አንድ ሆቴል አሳድጎ እንግዳ መቀበያው ላይ ሰቅሏታል፣ ፈረንጅ በነበረበት ዘመን ደግሞ ከነፍሬሟ ስንት ጊዜ ሄዳለች።

«አባቴ ነው» አለኝ ልጁ። «አረፈ። ለአርባው ፎቶውን አሳድገን ልንሰቅልለት ነበር። ከቀበሌ መታወቂያው በቀር ፎቶ የለውም፤ እሱም ውሃ ገብቶበት ፊቱ ተላጥቷል። ‹ከተማ አንድ ፎቶ አንሺ አለ፣ ሁሌ ነው የሚያነሳኝ› ይለን ነበር።»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። የሰባት ዓመት ሥራ፣ ሁለት ሃርድ ዲስክ። ሰውዬው ያለባቸውን አንድ በአንድ አወጣሁ፤ 41 ሆኑ። በ41ዱም ጥቁር ጥላ ነው። ብርሃኑን ለሰማዩ ለክቼ፣ ሰውዬውን ሆን ብዬ ያጠቆርኩት እኔው ነኝ፤ ሰው የሚወደው ያንን ነው። ራው ፋይሉን (ካሜራው ያየውን ሳይነካካ የሚያስቀምጥበትን) ከፍቼ ጥላውን ወደ ላይ ጎተትኩት፣ አሁንም ጎተትኩት። ቀይና ሰማያዊ ነጠብጣብ እንጂ ፊት አልወጣም። ልጁ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። «አገጩ ላይ ጠባሳ አለው እኮ» አለኝ፤ ጣቱን ወደ ስክሪኑ አስጠግቶ፣ እዚያ ነጠብጣብ ውስጥ ጠባሳውን እየፈለገ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ካሜራ ስይዝ እጄ ይከብደኛል። ሰባት ዓመት ከዚህ ሰው እንጀራ በልቻለሁ፤ ስሙን የሰማሁት ግን ከሞተ በኋላ ከልጁ አፍ ነው። አንድ ቁራጭ ወረቀት አልሰጠሁትም። እሱ ስለኔ ቤቱ ያወራ ነበር። እናንተስ? ያነሳችሁት ሰው ፎቶው ይደርሰዋል? ወይስ እኔ ብቻ ነኝ?

ሒሳብ_በሒሳብ · ማክሰኞ ማታ 3:32

ነፍስ ይማር። ግን ወንድሜ፣ ራስህን አታሠቃይ። የሰርግ ደንበኛ ከፍሎ ነው አልበሙን የሚወስደው። ሰውዬው አላዘዘህም፣ አልከፈለህም፤ አንተም ከውሃው ዳር ቆመህ ነው ያነሳኸው። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ላሳጥብ ካልክ የወረቀቱ ዋጋ ብቻ ሱቅህን ያዘጋሃል። ቱሪስት ከጠፋ ወዲህ ስንቱ ባለካሜራ ካሜራውን ሸጦ ባጃጅ እንደያዘ እያየህ ነው። ዓላማ ሆድ አይሞላም።

ባለካሜራዋ · ማክሰኞ ማታ 3:41

«አልከፈለህም» ነው ያልከው? ሰባት ዓመት ሙሉ የከፈለው እሱ ነው እንጂ። ፖስት ካርዱ ላይ ያለው የማን ትከሻ ነው?

ሒሳብ_በሒሳብ · ማክሰኞ ማታ 3:44

እሺ፣ በዚህኛው ተሸነፍኩ። ወረቀቱ ግን አሁንም በነፃ አይመጣም።

አሮጌ_ፎቶ_ቤት · ረቡዕ ጠዋት 2:05

እንደምን አደራችሁ ልጆች። ስልክ ላይ ቶሎ መጻፍ አይሆንልኝም፤ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ።

ባሕር ዳር ፎቶ ቤት ተቀጥሬ የገባሁት በደርግ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያስተማሩኝ ማንሳት ሳይሆን ማጠብ ነበር። ጨለማ ክፍል፣ ቀይ አምፑል፣ መድኃኒት የተሞሉ ሳህኖች። «ፎቶ አሳጠብኩ» የምትሉት ቃል ከዚያ የመጣ ነው፤ ዛሬ ውሃ የሚነካው ነገር የለም፣ እናንተ ግን አሁንም ታሳጥባላችሁ። ነጩን ወረቀት መድኃኒቱ ውስጥ ስታስገባው መጀመሪያ ፀጉር፣ ቀጥሎ ዓይን እያለ ቀስ ብሎ ይመጣል። ስንት ሺህ ጊዜ አይቼው ሰልችቶኝ አያውቅም።

ስቱዲዮው ውስጥ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የተሳለበት መጋረጃ ነበረን። ፏፏቴው ራሱ 30 ኪሎ ሜትር ላይ ሆኖ ሳለ ሰው ከሥዕሉ ፊት ቆሞ መነሳት ይወድ ነበር። ኮትና ክራቫት ደግሞ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ ለሁሉም ይዋሳል፤ እጅጌው የሚያጥረውም የሚረዝምበትም ያንኑ ኮት ነው የለበሰው። የዚያን ዘመን የባሕር ዳር አልበሞች ቢሰበሰቡ ያ ኮት ከማንም በላይ ዘመድ አለው።

በብሔራዊ ውትድርና ጊዜ ልጆች ከመሄዳቸው በፊት ይመጡ ነበር። ይነሳሉ፣ ይከፍላሉ፣ «እናቴ ትወስደዋለች» ብለው ደረሰኙን ኪሳቸው ከትተው ይሄዳሉ። ደረሰኙ ከነሱ ጋር ይዘምታል። እናት ያለ ደረሰኝ ትመጣለች። ቁጥር የላትም፣ ቀኑን አታውቀውም። «ልጄ ይህን ያህላል» ብላ ቁመቱን በእጇ ታሳየኛለች። እኔም ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ እያነሳሁ አንድ በአንድ አሳያታለሁ። ኔጋቲቭ ላይ እንግዲህ ፀጉሩ ነጭ፣ ጥርሱ ጥቁር ነው፤ የእጄ ሥራ ሆኖ እንኳ እኔ ሰው አልለይበትም። እናት ግን ትለያለች። እኔ ፊት አንዷም ተሳስታ አታውቅም።

ቤቱ ሲዘጋ «ጣለው» ተባልኩ። አልጣልኩም። ኔጋቲቩ ሁለት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ነው፤ ታጥቦ ያልተወሰደው ፎቶ ደግሞ አንድ የጫማ ካርቶን። ጥቁርና ነጩ ደህና ነው፤ የቀለሙ ፊልም ወደ ቀይ እየሄደ ነው፣ የሐይቁ እርጥበትም ሻጋታ አውጥቶበታል። የጣናው፣ አንተ ልጄ በአንድ ሰው አዝነሃል። የኔ ካርቶን ሙሉ ነው፤ አንድ ቀን እንኳ ተነስቼ ባለቤቶቹን አልፈለግኩም።

የፔዳው_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 3:20

ጋሼ!! ካርቶኑንና ቆርቆሮውን እኔ ስካን ላድርግልዎት፤ ፊልም የሚያነብ ስካነር ያለው ጓደኛ አለኝ። እባክዎን ሻጋታውን በጨርቅ እንዳይጠርጉት።

ስለ ኮቱ ሲያወሩ የማሊው ሴዱ ኬይታ ትዝ አለኝ። ባማኮ ላይ ስቱዲዮውን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። እሱም እንደናንተ ኮት፣ ክራቫት፣ የእጅ ሰዓት፣ ሬዲዮ ለደንበኛው ያውስ ነበር፤ ከሰው ጀርባ የሚዘረጋውም መጀመሪያ ላይ የገዛ አልጋ ልብሱን ነው። ዛሬ ሥራው በትልልቅ ሙዚየሞች ተሰቅሏል፤ ሲነሳ ግን ለባማኮ ሰው ኪስና ግድግዳ ነበር። የኛ ተገላቢጦሽ ነው፤ ገና ከመነሻው ለፈረንጅ ብለን እናነሳና ለራሳችን ሰው ሳይተርፍ ይቀራል።

ክፍል ውስጥ አንዴ ስለ ኬንያዊው የዜና ካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን ተከራክረን ነበር። ጥቅምት 1977 ቆረም ላይ ያነሳው የረሃቡ ፊልም በቢቢሲ ከማይክል በርክ ዘገባ ጋር ወጣ፣ ዓለም ደነገጠ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት መጣ። ሰው አድኗል፣ አልክድም። ግን እዚያ መጠለያ ከተኮለኮሉት ውስጥ ፊቱ የት እንደደረሰ ያወቀው ስንቱ ነው?

ሒሳብ_በሒሳብ · ረቡዕ ጠዋት 3:48

አሚንን አትንካብኝ። ሰውዬው ሥራ ላይ እጁን አጥቶ በሰው ሠራሽ እጅ ካሜራ የተሸከመ፣ በመጨረሻም ኅዳር 1989 ተጠልፎ ኮሞሮስ ላይ በወደቀው የኛው አውሮፕላን ውስጥ የሞተ ነው። ቆረም ላይ «ቆይ ለያንዳንዱ ላሳጥብ» ቢል ኖሮ ስንቱ ባለቀ። ሁሉም ፎቶ ወደ ባለቤቱ ይመለስ የሚለውን አልቀበልም። አንዳንዱ ፎቶ መሄድ ያለበት የሚወስን ሰው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የፔዳው_ልጅ · ረቡዕ ጠዋት 4:02

በዚህስ እስማማለሁ። የኔ ቤተሰብ ደንቢያ ነው፣ ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩ፣ ካየለበት በኩል። ለእረፍት በሄድኩ ቁጥር እዚያው አንዲት ድንጋይ ላይ ቆሜ፣ በዚያው ሌንስ፣ ወደዚያው አቅጣጫ አነሳለሁ። አንዷን ብቻ ካያችሁ ምንም አትመስልም፣ አረንጓዴ ሜዳ ናት። ተደርድረው ሲታዩ ግን ውሃው የት እንደነበር ይታያል። አባቴ ስልኬን ቀምቶ ለጎረቤት «ያውልህ፣ ይሄ የኛ ግጦሽ ነበር» እያለ ያሳያል። ያቺን ድንጋይ የመረጠልኝም እሱ ነው።

የታንኳ_ሠሪ_ልጅ · ረቡዕ ቀን 7:15

ብዙ ጊዜ ማንበብ እንጂ መጻፍ አልወድም። እኛ ነገደ ወይጦ ነን፣ ጣና ዳር የምንኖር ታንኳ ሠሪዎች። አባቴ ደንገል ሲያስር ስንት ካሜራ እንደቆመበት እኔ ቆጥሬ አልዘልቀውም። ፎቶው መጽሔት ላይ ወጥቶ አይቻለሁ። ከሥሩ «የጣና ጥንታዊ ሰው» ይላል። አባቴ የወር አስቤዛ የሚሸምት፣ ስልክ ያለው፣ ከኔ ጋር ኳስ የሚያይ ሰው ነው። ስም አለው። ፎቶውን ባትሰጡት እንኳ ስሙን ጠይቃችሁ ጻፉ።

ባለካሜራዋ · ረቡዕ ቀን 7:40

ይሄን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እግዜር ይስጥልን ወንድሜ።

የጣናው · ረቡዕ ማታ 1:50

እኔም። ማስታወሻ ደብተር ገዝቻለሁ፤ ከዛሬ ጀምሮ ከፍሬሙ ቁጥር ጎን ስም ይጻፋል።

በውስጥ መስመር «ፊቱ ተገኘ ወይ?» ላላችሁኝ፤ ተገኘ፣ ትናንት ታሪኩን ሳልጨርስላችሁ ነው እንጂ። የት መሰላችሁ? ከሦስት ዓመት በፊት የምርቃት ፎቶ ውስጥ። የፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢ) ምሩቃን ጋወን ለብሰው ውሃው ዳር ተሰብስበው ሳነሳቸው፣ ከኋላ በስተቀኝ ሰውዬው ታንኳውን ወደ ዳር ስቦ እንጨቱን ያወርዳል። ፊቱን ወደ ካሜራው አዙሯል፣ ረፋድ ስለሆነ ብርሃኑ ሙሉ ለሙሉ አርፎበታል። ፋይሉን «ሰው ገባብኝ፣ ይጥፋ» ብዬ ምልክት አድርጌበት ነበር። ስንፍና ሆኖብኝ ነው ያላጠፋሁት። ጭንቅላቱ ስክሪኑ ላይ የጥፍሬን ያህል ነው፤ ሳሳድገው ትንሽ ደብዝዟል። ልጁ ግን ጠባሳውን አገኘው።

ለአርባው ዘጌ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አሁን ያልጠበቅኩትን ልንገራችሁ። ጥላ የሆነውንም ፎቶ ልጁ «እሱንም ስጠኝ» ስላለኝ አሳጥቤ ይዤ ነበር፤ ማን ያየዋል ብዬ ከሥር ደብቄዋለሁ። የሟቹ ባለቤት ፊቱ ያለበትን አየት አድርገው አለቀሱና አስቀመጡት። ጥላውን ሲያነሱ ግን ረጅም ጊዜ ያዙት። «ይሄ እሱ ነው» አሉ። «ግራ ጎኑን ከታመመ ወዲህ እንዲህ ዘንበል ብሎ ነበር የሚቀዝፈው። ከሩቅ ሲመጣ የማውቀው በዚህ ነው።» እኔ 41 ጊዜ አንስቼው ማዘንበሉን አላየሁትም ነበር፤ ለፍሬሙ ሚዛን ይመቸኝ ነበር እንጂ።

ሁለቱም ጎን ለጎን ተሰቀሉ።

ባለካሜራዋ · ረቡዕ ማታ 2:12

ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ውስጥ እያለቀስኩ ነው፤ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ነው።

ከደቅ_ደሴት · ረቡዕ ማታ 2:30

ደቅ ላይ መምህር ነኝ፣ ኔትወርክ ሲገኝ ነው የምገባው፣ ስለዚህ አጠር ላድርግ። እዚህ የሚመጣ ባለካሜራ ሁሉ «እልክላችኋለሁ» ይላል። ተማሪዎቼን አሰልፎ አንስቶ የሄደ አንድ ሰው አለ። ልጆቹ ጀልባ በመጣ ቁጥር «ፎቷችን መጣ?» እያሉኝ ዓመቱ አለቀ። የማትልኩ ከሆነ ቃሉን አትናገሩት፤ ዝም ብሎ መሄድ ይሻላል።

ደግሞ ሰው መልኩን ማኖር የሚፈልገው ካሜራ ከመጣ ወዲህ አይደለም። ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እቴጌ ምንትዋብ ግድግዳው ላይ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች። ቤተ ክርስቲያን ባናሠራም ምኞቱ ያው ነው።

ባለካሜራዋ · ረቡዕ ማታ 3:05

ተረጋግቻለሁ፣ አሁን በደንብ ልጻፍ።

እኔ ይሄን ነገር በግድ ነው የተማርኩት። ሴት ስለሆንኩ ክብራን ገብርኤል አልወርድም፣ ዳጋ እስጢፋኖስም እንደዚያው፤ ሴት የማይገባባቸው የደሴት ገዳማት ናቸው። ወንዶቹ የብራናውን ሥዕል ሊያነሱ ሲወጡ እኔ እንጦስ ኢየሱስ ላይ እቀር ነበር። መጀመሪያ ይቆጨኝ ነበር። ቆይቶ ግን እነሱ የማይገቡበት፣ እኔ የምገባበት ቤት እንዳለ ገባኝ፤ ጓዳ፣ አራስ ቤት፣ ሙሽራ የምትሠራበት ክፍል። አራስ ቤት ካሜራ አንግቶ ዘው አይባልም፤ መጀመሪያ ገንፎ ይበላል። ዓይን ስለሚፈሩ ሕፃኑን ፊት ለፊት እንዳነሳ የማይፈልጉ አሉ፤ እኔም አልጨቃጨቅም፣ እጁን፣ ተረከዙን አንስቼ አሳጥቤ እወስድላቸዋለሁ። ክርስትናው ሲደርስ ራሳቸው ይደውላሉ። ካሉኝ ደንበኞች ግማሾቹ የመጡት በገንፎ ነው ብል አላጋነንኩም።

አንዴ ዘጌ ላይ አንዲት እናትን ከመስኮት በሚገባ ብርሃን በጎን ላነሳቸው ስል ተቆጡኝ። «ምን አጥፍቼ ነው በአንድ ዓይን የምታስቀሪኝ?» አሉኝ። መጀመሪያ አልገባኝም። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ግድግዳውን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፣ ሰይጣንና ክፉ ሰው በጎን፣ በአንድ ዓይን። እኚህ እናት ዕድሜ ልካቸውን ያንን እያዩ ነው ያስቀደሱት። እኔ ከዩቲዩብ የለቀምኩት የጎን ብርሃን እሳቸው ዘንድ ፍርድ ነው። ፊታቸውን አዙረው፣ ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፍተው ተነሱ። እስከ ዛሬ ካነሳኋቸው ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

ለጀማሪዎች አንድ የእጅ ሥራ ነገር ልጨምር። ጥምቀት ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ፊቱ የሚጠቁረው ካሜራው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዛ» ስለሚል ነው፤ ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ይጎትታል። አንድ ስቶፕ ያህል (ብርሃኑን እጥፍ አድርጉ ማለት ነው) ጨምሩ፣ ወይም ፊቱ ላይ ለኩ። ነጠላውንም ተጠቀሙበት፤ ከአገጭ ዝቅ ብሎ ዘርጋ ሲል ብርሃኑን ወደ ፊት ይመልሰዋል፣ ሪፍሌክተር መግዛት አያስፈልግም። ይሄን የምለው የጣናውን ለመንካት አይደለም፣ እሱ ራሱን በቂ ገርፏል።

የፔዳው_ልጅ · ረቡዕ ማታ 3:26

ጥያቄ። ለቅሶ ላይ ማንሳትስ? ሙሉጌታ አየነ የመጋቢት 1 ቀን 2011ን የአውሮፕላን አደጋ ተከትሎ ባነሳቸው ፎቶዎች በ2020 እ.ኤ.አ. ከወርልድ ፕሬስ ፎቶ፣ የዓለም የዜና ፎቶ ውድድር፣ በትኩስ ዜና ተከታታይ ፎቶዎች ዘርፍ አንደኛ ሽልማት ወስዷል። አደጋው ቦታ ላይ አፈሩን እያፈሰች ፊቷ ላይ የምትበትነው ሴት ያለችበት ነው። ያንን ፎቶ ሳየው «እንዴት አነሳው?» እላለሁ፤ ባያነሳውም ደግሞ ሐዘኑ ቁጥር ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

አሮጌ_ፎቶ_ቤት · ሐሙስ ጠዋት 1:40

የጋዜጣውን ሥራ ባለሙያዎቹ ይመልሱት። እዚህ አገር ግን ለቅሶ ቤት ካሜራህን የሚያስገባልህ እግርህ ነው። ለቅሶ ደርሰህ፣ ንፍሮ ቀምሰህ፣ ድንኳን አፍርሰህ የምትታወቅ ከሆነ ራሳቸው «ና አንሳልን» ይሉሃል። ካልሆነ ካሜራህን አጥፍተህ ተቀመጥ።

የጣናው · ሐሙስ ማታ 2:00

ሒሳብ እንዳይቆጣኝ የምሠራውን በሒሳብ ልናገር። አንድ ያገለገለ ካነን ሴልፊ፣ ትንሽ የፎቶ ማተሚያ፣ አገኘሁ፣ ከነባትሪው። 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ያትማል፣ አንዷን ለማውጣት አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ወረቀቱና ቀለሙ አንድ ላይ ተለክቶ ስለሚመጣ ኪሳራህን ቀድመህ ታውቀዋለህ። ዋናው ነገር ላዩ ላይ መሸፈኛ ስለሚቀባ እርጥብ እጅ ቢነካው አይፈስም። ሱቅ ያለኝ የቀለም ፕሪንተር ያተመው ለታንኳ ሰው አይሆንም፤ አንድ ጠብታ ትበቃዋለች።

ሦስት ቅዳሜ እንጨት ሻጮቹ የሚወርዱበት ሄጃለሁ። የመጀመሪያዋ ሴትዮ ፎቶዋን ተቀብላ አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ «ስንት ነው?» አለች። በነፃ ነው ስላት ፊቷ ተለወጠ። «የቀበሌ ነህ?» አለችኝ። አይደለሁም ብል ማን ይሰማኛል፤ ወረቀቱን መልሳልኝ ሄደች። በሁለተኛው ቅዳሜ ራሷ መጥታ ወሰደችው፤ በሦስተኛው የዘጌ ቡና በላስቲክ ቋጥራ አመጣችልኝ። ቡናው ከወረቀቱ ዋጋ ይበልጣል፣ እንግዲህ ማን ለማን ዕዳ እንዳለበት ጠፍቶብኛል።

ሒሳብ_በሒሳብ · ሐሙስ ማታ 2:19

አልቆጣም። ግን በነፃ አትስጥ፣ 20 ብርም ቢሆን ተቀበል። ምክንያቴን ስማ። እናቴ ጉሊት ነበረች። በነፃ የተሰጣትን ነገር ወዳም ጠልታም ትቀበል ነበር፤ የገዛችውን ግን ታማርጣለች። የከፈለ ሰው «ዓይኔ ተጨፍኗል፣ ድገመኝ» ይልሃል። በነፃ የወሰደ ግን ዓይኑ እንደተጨፈነ ይዞት ይሄዳል፣ አመስግኖህ። ሰዎቹ እንዲያዙህ ከፈለግክ አስከፍላቸው።

የጣናው · ሐሙስ ማታ 2:31

ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ አሰብኩበት። ልክ ነህ። ከቅዳሜ ጀምሮ 20 ብር፤ የሌለው ቡና ያምጣ። ከፖስት ካርዷ የሚገኘውን ደግሞ ግማሹን ለቤተሰቡ ነው፣ ከልጁ ጋር ተነጋግረናል።

ባሕር_ማዶ · ሐሙስ ሌሊት 5:50

ከሩቅ ነው የምጽፈው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩ። አሮጌ ፎቶ ቤት፣ ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ታላቅ ወንድሜ በ1979 ለውትድርና ከመሄዱ በፊት ፎቶ ቤት ገብቶ እንደተነሳ እናቴ ሁሌ ትናገራለች። እኔ ሕፃን ነበርኩ፣ መልኩን አላውቀውም። ፎቶው ቤታችን አልደረሰም። እናቴ አለች፣ እዚያው ባሕር ዳር አባይ ማዶ ነው ያለችው፣ ዓይኗ ግን ደክሟል። ኮቱ ትልቅ ሆኖበት እጅጌውን አጥፎ እንደተነሳ ነግሯት ነበር። የማይሆን ነገር ጠይቄ ከሆነ ይቅርታ።

አወያይ · ዓርብ ጠዋት 2:00

ስም፣ ስልክ ቁጥርና የቤት አድራሻ እዚህ እንዳይለጠፍ። በውስጥ መስመር ተለዋወጡ።

አሮጌ_ፎቶ_ቤት · ዓርብ ጠዋት 2:25

ልጄ፣ አለ ብዬ ተስፋ አልሰጥህም። በዚያን ጊዜ ከተማው ውስጥ ያለነው እኛ ብቻ አልነበርንም። የ79ኙ ጥቅል ግን ቆርቆሮው ውስጥ አለ፣ ትናንት ማታ ከፍቼ አየሁት፤ እጅጌ ያጠፉ ብዙ ናቸው። የወንድምህን ስም ከነአባቱ በውስጥ መስመር ላክልኝ፤ አንዳንዱ ፖስታ ላይ በእርሳስ ጽፈን ነበር።

የጣናው · ዓርብ ጠዋት 2:40

ጋሼ፣ እናቱ ወደ እርስዎ ከሚመጡ እኛ ብንሄድ ይሻላል። ነገ ከእንጨት ሻጮቹ ስጨርስ፣ አምስት ሰዓት ላይ እርስዎን ከነቆርቆሮው በባጃጅ ወስጄ አባይ ማዶ እንወርዳለን። የስልክ ስክሪን ነጭ አድርጎ ኔጋቲቩን ከላዩ ማስቀመጥ ይቻላል፣ ከመስኮት ይልቅ ለደከመ ዓይን ይቀላል። ካስፈለገም ካሜራዬ እዚያው ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አድርጎ ገልብጦ፣ አሳድጎ ያሳያቸዋል።

አሮጌ_ፎቶ_ቤት · ዓርብ ጠዋት 2:58

አትገልብጠው። መጀመሪያ እንዳለ ያዩት።

ባሕር_ማዶ · ዓርብ ጠዋት 3:04

አሁኑኑ ደወልኩላት። «ደረሰኝ የለኝም እኮ» አለችኝ።

አሮጌ_ፎቶ_ቤት · ዓርብ ጠዋት 3:11

ደረሰኝ አያስፈልግም በላት። ቡና ታፍላ።

የፔዳው_ልጅ · ዓርብ ጠዋት 3:15

ስካነሩን ይዤ እመጣለሁ። ረጅም የኤክስቴንሽን ገመድ ያለው ሰው አለ? ነገ ደግሞ መብራት በፈረቃ ነው ይላሉ፣ ጠዋቱ ይሁን ከሰዓቱ የሚያውቅ ይጻፍልኝ።